አምስት መስመር፦ ሰርቨር ማንነቱንና መንገዱን የሚያነብባት ፋይል ታሪክ

ወዳጆቼ፣ በተለይ እናንተ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የታሪክ ጽሑፍ ነው፤ ግን ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ አይደለም። በየወረዳ ጽሕፈት ቤቱ፣ በየጤና ጣቢያው፣ በየትምህርት ቤቱ አንድ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ የሚያጓራ ሰርቨር አለ አይደል? እሱ ውስጥ ስላለች አንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው የማወራችሁ።

ፋይሏ የምትይዘው ነገር አምስት መስመር ቢሞላ ነው። የማሽኑ ስም፣ የማሽኑ አድራሻ፣ የሰፈሩ ወሰን፣ የመውጫው በር፣ የማያውቀው ስም ሲገጥመው የሚጠይቀው ማንን እንደሆነ። በቃ። አምስቱ ልክ ከሆኑ ሰርቨሩ ከዓለም ጋር ይነጋገራል። አንዷ ቁጥር ከተዛነፈች ግን በብዙ ገንዘብ የተገዛ ማሽን ዲዳ ሆኖ ይቀመጣል፤ መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ የሚሰማው ግን የለም።

እንዴት እንደሚጻፍ በክፍል ተምራችኋል፤ ያልተማረም በአስር ደቂቃ ቪዲዮ ያየዋል። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። ይህ ነገር ከየት መጣ? ዝርዝሩን በፊት ማን ይይዘው ነበር? ለምንስ በየጥቂት ዓመቱ መልኩ ይቀያየራል? ለእኛ ለሰሜን ጎንደር ሰዎችስ ምን ጉዳይ አለን? (ዓ.ም. ካላልኩ ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።)

ዛሪማ እና ልማሊሞ

ኮምፒውተር ላልተማሩ ወዳጆቼ ስል ከአገራችን መንገድ ልጀምር።

ዛሪማ ነን እንበል። እዚያው ዛሪማ ውስጥ ካለ ሰው ጋር ጉዳይ ካለኝ መኪና አልጠብቅም፤ በእግሬ ሄጄ በሩን አንኳኳለሁ። ደባርቅ፣ ዳባት፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ፣ ካስፈለገም ዋሽንግተን ልሂድ ካልኩ ግን መውጫዬ አንድ ነው፤ ልማሊሞ። ልማሊሞን የሚያውቅ የዛሪማ ሰው ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ሁሉ በቃሉ መያዝ የለበትም። "ልማሊሞን ውጣ፣ ላይ ስትደርስ ጠይቅ" ይበቃዋል።

ሰርቨርም የሚያስበው እንዲሁ ነው። አንድ መልእክት ሊልክ ሲል መጀመሪያ "ይሄ ሰውዬ የሰፈሬ ነው ወይስ የውጭ?" ይላል። ይህን የሚነግረው ያ 255.255.255.0 የምትሉት ቁጥር ነው፤ የወሰን ድንጋይ ማለት ነው። የሰፈሩ ሰው ከሆነ በቀጥታ ይሰጠዋል። የውጭ ከሆነ ወደ በሩ ይልከዋል። ጌትዌይ የምንለው በር የሰርቨሩ ልማሊሞ ነው። ከዛሪማ በሌላ በኩል በአዲ አርቃይ አድርጎ ወደ ተከዜ የሚወርድ መንገድ እንዳለ ሁሉ፣ ለሰርቨርም "ወደዚህ አገር ስትሄድ በዚህ በኩል" ተብሎ ለብቻው የሚጻፍ መንገድ አለ። ካልተጻፈለት ግን ሁሉም በልማሊሞ ነው።

ይህ የበር ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ከምጽዋ ተነስቶ ጎንደር የገባው ተከዜን ተሻግሮ፣ ልማሊሞን ወጥቶ ነው። እዚያ ላይ ቀረጥ የሚጠየቅበት ኬላ እንደነበረም ጽፏል። መንገድ ባለበት በር አለ፤ በር ባለበት ጠባቂ አለ። ዛሬ ፋየርዎል ስንል አዲስ ነገር ያገኘን ይመስለናል እንጂ ኬላ እኮ ነው።

ዝርዝሩን ማን ይያዘው?

አሁን ወደ ታሪኩ።

የኢንተርኔት አባት የሚባለው አርፓኔት ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1969 ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሁለት ተቋማት መካከል፣ ከሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ የመጀመሪያዋ መልእክት ተላከች። በዓመቱ መጨረሻ አራት ቦታዎች ሆኑ። አራት ቦታ ሲኮን ዝርዝር አያስፈልግም፤ ሁሉም ሁሉንም ያውቃል። ትንሽ ቆይቶ አሥር፣ ሃያ፣ አርባ ሲሆኑ ግን እያንዳንዱ ቦታ የራሱን ዝርዝር መያዝ ጀመረ፤ "ይህ ስም ይህ ቁጥር ነው" የሚል። ታዲያ ዝርዝሮቹ እርስ በርስ አይስማሙም። አንዱ ጋ አዲስ ማሽን ሲተከል ሌላው ጋ አይታወቅም።

እንግዲህ አስቡት፤ ኮምፒውተሮቹ የተገናኙት መረጃ ለመለዋወጥ ነው፤ የእርስ በርስ ስማቸውን ዝርዝር ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነበር የሚጽፈው። ይህ ነገር ያሳቃቸውም ያናደዳቸውም ሰዎች ተነሱ። በ1973 መጨረሻና በጥር 1974 ጉዳዩ ተነስቶ አንድ ኦፊሴላዊ ዝርዝር በአንድ ቦታ እንዲቀመጥ ተወሰነ። በእኛ ጥር 1966 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አብዮቱ ሊፈነዳ ሳምንታት ሲቀሩት።

ያ ዝርዝር ስሙ ሆስትስ ዶት ቲኤክስቲ ይባላል። የተቀመጠውም እዚያው ስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ የኔትወርክ መረጃ ማዕከል የሚባል ቢሮ ውስጥ ነው። ቢሮውን ለረጅም ዓመታት የመራችው ኤሊዛቤት ፋይንለር የምትባል ሴት ናት፤ ሰው የሚያውቃት ጄክ በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። አዲስ ኮምፒውተር የተከለ ሰው ለእነሱ ያሳውቃል፤ እነሱ መዝገቡ ላይ ያሰፍሩታል፤ ከዚያ ሁሉም ቦታ አዲሱን ፋይል ወስዶ በራሱ ማሽን ላይ ይገለብጠዋል። ዶት ኮም፣ ዶት ኢዲዩ፣ ዶት ጎቭ የሚባሉት ስሞች የተጸነሱበት ዘመን ላይም የዚች ሴትና የቢሮዋ እጅ አለበት።

ዕድሜያችሁ ከፍ ያለ ይህን ታውቁታላችሁ። በትንንሽ ከተሞቻችን አውቶማቲክ ስልክ ከመምጣቱ በፊት ቴሌ ቤት የምትቀመጥ ኦፕሬተር ነበረች። እጀታውን ታዞራላችሁ፤ "ማንን ላገናኝህ?" ትላለች። ቁጥር አትጠይቃችሁም፤ ስም ነው የምትጠይቀው። የነጋዴውንም፣ የዳኛውንም፣ የትምህርት ቤቱንም መስመር የምታውቀው እሷ ናት። እሷ ከታመመች ከተማው ዲዳ ነው። የፋይንለር ቢሮም ለአርፓኔት እንዲያ ነበር።

ያ ፋይል ታዲያ ሞቷል እንዳትሉ። ዛሬም በሰርቨራችሁ ውስጥ ሆስትስ የሚባል ፋይል አለ። በዊንዶውስ ላፕቶፓችሁ ውስጥ አለ። በኪሳችሁ ባለው አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ሳይቀር አለ። ከሃምሳ ዓመት በፊት ከነበረው ከዚያ የወል መዝገብ የተወለደ ነው። ማሽኑ አንድ ስም ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ የውጭውን የሚጠይቀው እዚያ ካጣ በኋላ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

1983፦ ሁሉም በአንድ ቀን

እኛ አገር በሰኔ 1956 ዓ.ም. መኪና በግራ መንዳት ቀርቶ በአንድ ቀን ወደ ቀኝ ተዞረ። እንዲህ ያለ ነገር "ቀስ በቀስ" አይባልም፤ ግማሹ በግራ ግማሹ በቀኝ ከነዳ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። አርፓኔትም ጥር 1 ቀን 1983 ላይ እንዲሁ አደረገ። የድሮውን ኤንሲፒ የሚባል መነጋገሪያ ጥሎ ዛሬ ወደምንጠቀምበት ቲሲፒ አይፒ ተዛወረ። አራት ቁጥር በነጥብ እየተለየ የሚጻፈው አድራሻችን የዚያ ዘመን ነው።

በዚያው ዓመት ሁለት ሌሎች ነገሮች ሆኑ።

አንደኛው፣ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዩኒክስ፣ 4.2 ቢኤስዲ የሚባለው፣ ቲሲፒ አይፒን በውስጡ ይዞ ወጣ። አይኤፍኮንፊግ የምትሏት ትእዛዝ የመጣችው ከዚህ ቤት ነው። የኔትወርክ ቅንብር በጽሑፍ ፋይል ውስጥ ተጽፎ፣ ማሽኑ ሲነሳ አንብቦ ራሱን እንዲያዘጋጅ የሚያደርገውን ልማድም ያስፋፋው ይኸው ቤት ነው። ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ፎልደር ኢቲሲ ይባላል። ትርጉሙን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? "ወዘተ" ማለት እኮ ነው! ሌላ ቦታ ያልተገኘለት ልዩ ልዩ ነገር ማጎሪያ ነበር። ዛሬ የአንድ ሰርቨር ነፍስ ያለው በዚያ ወዘተ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው፣ ፖል ሞካፔትሪስ የሚባል ሰው ዲኤንኤስን ነደፈ። ዝርዝሩ በአንድ ቢሮ መያዙ አላዋጣም ነበር፤ ማሽኖቹ በመቶዎች ሆነዋል፣ ነገ በሺዎች ይሆናሉ። የሱ ሐሳብ እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው ሁሉን አይያዝ። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ልጆች ስም ይያዝ፤ ከሱ በላይ ያለው ደግሞ የእያንዳንዱን ቤት በር ብቻ ይወቅ።

ለፈረንጅ ይህን ማስረዳት ትንሽ ይከብዳል፤ ለኢትዮጵያዊ ግን ቀላል ነው። የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ ልጅ፣ አባት፣ አያት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የኢንተርኔት ስም ተመልከቱ፤ ዩኦጂ ዶት ኢዲዩ ዶት ኢቲ። ዩኦጂ ልጅ ነው፣ ኢዲዩ አባት፣ ኢቲ አያት። ሰውን በስሙ ፍለጋ የምትሄዱ ከሆነ አያትየው የትኛው አገር እንደሆነ ጠይቃችሁ፣ ከዚያ አባትየው ቤት ሄዳችሁ፣ ከዚያ ልጁን ታገኛላችሁ። ዲኤንኤስ ይኸው ነው። የኢትዮጵያ አያትነት፣ ማለትም ዶት ኢቲ፣ በዓለም መዝገብ ላይ የተመዘገበው በጥቅምት 1995 ነው።

አገራችን ሲገባ

ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌ ታሪኩን የሚቆጥረው ከ1894 ጀምሮ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሐረር የተዘረጋው የ477 ኪሎ ሜትር መስመር የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሥራ ነው። ከዚያ እስከ ኢንተርኔት ድረስ መቶ ዓመት አለፈ።

ኢንተርኔት ከመግባቱ በፊት ግን ኢሜይል ገብቶ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ስር ፓዲስ የሚባል ክፍል ነበር። እዚያ ፊዶኔት በሚባል ዘዴ ኮምፒውተሩ ደብዳቤዎቹን ሲያጠራቅም ይውልና፣ ሰዓቱ ሲደርስ በስልክ መስመር ወደ ውጭ አገር ደውሎ ያለውን ሰጥቶ የመጣለትን ተቀብሎ ይዘጋል። እንደ ፖስታ መኪና ማለት ነው። ከዚያ በ1995 "ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ ይግባ" ብለው የተነሱ ምሁራን ነበሩ፤ ስማቸው ከሚጠቀሱት አንዱ ዶክተር ዳዊት በቀለ ነው። በጥር 1997 የያኔው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የአዲስ አበባ ነው። ወደ እኛ ዓይነቱ ወረዳ የወረደው ከ1995 ዓ.ም. በኋላ፣ ወረዳኔት እና ስኩልኔት በሚባሉት ሥራዎች ነው። ከ500 በላይ ወረዳዎችን ግማሹን በሳተላይት፣ ግማሹን በምድር መስመር ለማገናኘት ታቅዶ ተሠራ። ጣሪያ ላይ ያቺ ነጭ ሳሕን ተተከለች፣ ከሥሯ ቁምሳጥን የመሰለ ካቢኔት ገባ፣ ሰርቨርና ራውተር ተደረደረ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ፕላዝማ መጣ። ስንቶቻችሁ ናችሁ ከፕላዝማ አስተማሪው ፍጥነት ጋር ስትሯሯጡ እርሳስ የሰበራችሁ?

ዕቅዱ ትልቅ ነበር፤ ማድነቅ ይገባል። ግን አንድ ነገር አብሮ አልወረደም። ዕቃው ወረዳ ደረሰ፤ ዕውቀቱ ግን አዲስ አበባ ቀረ። ተካዮቹ መጡ፣ አምስቱን መስመር ጻፉ፣ ካቢኔቱን ቆለፉ፣ ሄዱ። አምስቱ መስመር ምን እንደሆነ ግን ወረዳው ውስጥ የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ አልነበረም።

የቤት ስምና የመዝገብ ስም

አሁን አንድ ተማሪ ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ልመልስ። "ጋሼ፣ የኛ ቤት ራውተር 192.168.1.1 ነው፤ የጎረቤታችንም 192.168.1.1 ነው። ሁለት ሰው በአንድ አድራሻ እንዴት?"

በአራት ቁጥር ሊጻፍ የሚችለው አድራሻ ከ4.3 ቢሊዮን አይበልጥም። በ1983 ማለቂያ የሌለው ይመስል ነበር። ኢንተርኔት ሲስፋፋ ግን እንደማይበቃ ታየ። ስለዚህ በ1994 የተወሰኑ ቁጥሮች ለቤት ውስጥ ብቻ ተለዩ፤ በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት፣ በ192.168 የሚጀምሩት። እነዚህ የቤት ስም ናቸው። ማሙሽ የሌለበት ቤት አለ? ሰፈሩ ሁሉ ማሙሽ ቢሞላ ችግር የለውም፤ እናቱ "ማሙሽ!" ስትል የሚመጣው የራሷ ነው። ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ግን የመዝገብ ስሙ ይጻፋል። ራውተሩ የሚሠራው ይህን ነው፤ ማሙሽ ከቤት ሲወጣ የመዝገብ ስም ይሰጠዋል፣ መልስ ሲመጣ ደግሞ "ይሄ የማሙሽ ነው" ብሎ ያስገባለታል።

የመዝገብ ስሞቹን ለአፍሪካ የሚያድለው ከ2005 ጀምሮ ሞሪሸስ ላይ ያለው አፍሪኒክ ነው። በየካቲት 2011 የዓለም አቀፉ ጎተራ ተሟጠጠ፤ የቀሩት አምስት ትልልቅ ክፍሎች ለአምስቱ አህጉራዊ መዝጋቢዎች አንድ አንድ ተሰጡ። ከዚያ ወዲህ ያለው ያለውን አብቃቅቶ መኖር ነው፤ ወይም አይፒቪ6 ወደሚባለው ረጅም አድራሻ መሻገር።

በዚህ መሐል ዲኤችሲፒ የሚባልም መጣ፣ በ1993። ማሽኑ ሲነሳ "አድራሻ ስጡኝ" ይላል፤ ይሰጠዋል፤ ግን ኪራይ ነው፣ ጊዜው ሲያልፍ ይታደሳል ወይም ይለወጣል። ለስልክና ለላፕቶፕ ኪራይ ይበቃል። ሰርቨር ግን ሰው የሚፈልገው ማሽን ነው፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ከሆነ ማን ያገኘዋል? ለዚህ ነው ሰርቨር ላይ አድራሻውን በእጃችን የምንጽፈው። ሰርቨር ተከራይ አይደለም፣ ባለርስት ነው።

መልኩ ለምን ይቀያየራል?

ሰሞኑን ስትማረሩ የማያችሁ በዚህ ነው። "በፊት የተማርነው ፋይል የለም!" ትላላችሁ። እውነት ነው።

መጀመሪያ ትእዛዞቹ ማሽኑ ሲነሳ በሚያነበው ስክሪፕት ውስጥ በቀጥታ ይጻፉ ነበር። ሊኑክስ በ1991 ከመጣ በኋላ ቤቶቹ ተለያዩ። የዴቢያን ቤት ኢንተርፌስስ በሚባል አንድ ፋይል ሁሉንም ጻፈ። የሬድ ሃት ቤት ለእያንዳንዱ ካርድ አይኤፍሲኤፍጂ የሚል ፋይል ለየብቻ አደረገ። በ2004 ኔትወርክ ማናጀር መጣ፤ ከዋይፋይ ወደ ዋይፋይ ለሚዘዋወር ላፕቶፕ ታስቦ ነበር፣ ቀስ እያለ ሰርቨሩንም ወረሰ። በጥቅምት 2017 ኡቡንቱ ኔትፕላንን አስገባ፤ ያምል በሚባል አጻጻፍ፣ ቃላቱን በባዶ ቦታ ደረጃ በደረጃ ገባ እያደረጋችሁ የምትጽፉት። በ2022 የወጣው የሬድ ሃት ሰርቨር ደግሞ የድሮውን አይኤፍሲኤፍጂ በጡረታ መንገድ ላይ አደረገው።

የካርዱ ስም እንኳን ተቀየረ። በፊት ኢቲኤች0፣ ኢቲኤች1 ይባሉ ነበር። ሁለት ካርድ ያለው ሰርቨር ሲጠፋና ሲነሳ ግን አንዳንዴ ስማቸው ይለዋወጥ ነበር፤ የውጩ በር የውስጡ፣ የውስጡ የውጩ ሆኖ ይነሳል። ይህን ለማስቀረት ከ2013 ወዲህ ካርዱ በተሰካበት ቦታ ይሰየማል። ስሙ ረዘመ፣ አስቀያሚ ሆነ፣ ግን አይዋሽም።

ኔትፕላን ላይ አንዲት ደግ ነገር አለች፤ ላስታውሳችሁ። ጎንደር ተቀምጣችሁ ደባርቅ ያለን ሰርቨር በርቀት ስታስተካክሉ አንድ ቁጥር ከሳታችሁ፣ በሩን ዘግቶ ቁልፉን ውስጥ እንደረሳ ሰው ትሆናላችሁ። ኔትፕላን ትራይ የሚለው ትእዛዝ አዲሱን ይሞክርና በ120 ሰከንድ ውስጥ "ጸድቋል" ካላላችሁት ወደ ድሮው ይመልሰዋል። ያቺ ሁለት ደቂቃ የአንድ ቀን መንገድ ታድናለች።

ልብ በሉልኝ፤ ቤቱ ቢቀየር፣ አጻጻፉ ቢቀየር፣ የሚጻፈው ያው አምስቱ ነው። ስም፣ አድራሻ፣ ወሰን፣ በር፣ ጠያቂ። በ1983 የበርክሌይ ተማሪ የጻፈውን ዛሬ ዳባት ያለ ልጅ ይጽፈዋል። አምስቱን የገባው ሰው ፋይሉ የት እንደተደበቀ ፈልጎ ያገኘዋል። የፋይሉን ቦታ ብቻ የሸመደደ ግን በየአምስት ዓመቱ መሃይም ይሆናል።

ታዲያ ለእኛ ምናችን ነው?

ይህን ሁሉ ያወራሁት ለዚህ ነው።

አንድ መስሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ መስመሩ ሲቀየር አዲስ ቁጥሮች በወረቀት ተሰጡት። በሰርቨሩ ውስጥ ያለው በር ግን የድሮው ነው። የሰርቨሩን የይለፍ ቃል የሚያውቅ የለም፤ የተከሉት ሰዎች ስልክ አይነሳም። ለሳምንታት ሪፖርት በፍላሽ እየተጫነ በአውቶቡስ ይላክ ነበር። ኋላ አንድ የድሮ ተማሪያችን ገብቶ ካቢኔቱን ከፈተ፣ ማሽኑን በማስተካከያ ሞድ አስነሳ፣ ፋይሏን አገኘ፣ አንድ መስመር ቀየረ። ሥራው አሥር ደቂቃ ነው። ሳምንታት የጠፉት ገመድ ተበጥሶ አይደለም፣ ገንዘብ ጠፍቶም አይደለም። አንድ መስመር ጽሑፍ በማንም ደብተር ላይ ስላልነበረ ነው።

ከዚያ ደግሞ የባሰ መጣ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት አካባቢያችን ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ኖራችሁታል። ስንት መስሪያ ቤት ከነበረው ዕቃ ባዶ ግድግዳ ብቻ ቀረው። ኮምፒውተር ይተካል፤ ቢዘገይም አንድ ቀን ይመጣል። ግን አዲሱ ማሽን ሲመጣ "የድሮው እንዴት ነበር የተቀናበረው? የትኛው ክፍል የትኛው ቁጥር ነበረው?" ሲባል መልስ ያለው ከየት ይገኛል? ፋይሉ ከማሽኑ ጋር ሄዷል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በብዙ ቦታም ለረጅም ወራት አልተመለሰም። እዚህ ላይ ነው ያቺን "ያዙልኝ" ያልኳችሁን ነገር የምመለስባት። በሩ ሲዘጋ ከበር ውጭ ያለው ሁሉ ይቀራል። ከወሰኑ ውስጥ ያለው ግን አይቀርም! ልማሊሞ ቢዘጋ ዛሪማ ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት መነጋገሩን አያቆምም። በግቢው ውስጥ ያለ የካርድ ክፍል ሰርቨር፣ የቤተ መጻሕፍት ሰርቨር፣ የተማሪ ውጤት መዝገብ፣ አድራሻው በቋሚነት ከተጻፈና ስሙ በየኮምፒውተሩ ሆስትስ ፋይል ውስጥ ካለ፣ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ይሠራል። ስሙን ከውጭ እንዲጠይቅ ብቻ ተደርጎ የተቀናበረ ግን አጠገቡ ያለውን ሰርቨር አያገኘውም። ሁለቱ የሚለያዩት በገንዘብ አይደለም። በሁለት መስመር ጽሑፍ ነው።

ታሪኩም የሚለን ይኸው ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ የራሱን ያዘ፤ አልተስማማም። ቀጥሎ አንድ ቢሮ ለሁሉ ያዘ፤ ሸክሙ በዛበት። በመጨረሻ የጸናው ዲኤንኤስ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን በደንብ ይያዝ፣ ለሌላውም በሩን ያሳውቅ የሚል። ኢንተርኔት የቆመው ማዕከሉ ስለበረታ ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ የራሱን መዝገብ የሚጠብቅ ሰው ስላለ ነው። እኛ ጋ የጎደለው ያ በየቤቱ ያለው ሰው ነው፤ ሳሕኑማ መጥቶልን ነበር።

ስለዚህ በየወረዳው፣ በየጤና ጣቢያው፣ በየትምህርት ቤቱ የምትሠሩ ልጆቼ፣ አደራ የምላችሁ ብዙ አይደለም።

ነገ ቢሮ ስትገቡ ሰርቨሩ ፊት ቁጭ በሉ። አምስቱን መስመር አንብቡ። በንጹሕ ወረቀት ገልብጧቸው፤ ስም፣ አድራሻ፣ ወሰን፣ በር፣ ጠያቂ። የትኛው ገመድ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ሥዕል ሥሩ። ቀን ጻፉበት። አንዱን ቅጂ ኃላፊያችሁ ጋ በማህደር አስቀምጡ፣ ሌላውን ከሕንፃው ውጭ አኑሩ። የይለፍ ቃሉን ለብቻው፣ በታሸገ ፖስታ፣ ለሚመለከተው ሰው አስረክቡ። ፋይሉን ከመነካካታችሁ በፊት ደግሞ ቅጂውን አስቀምጡ፤ ይህን ስንት ጊዜ እንዳልኳችሁ ታውቃላችሁ።

ከዚያ ከሥራ ባልደረቦቻችሁ አንዱን ጥሩ። የኮምፒውተር ባለሙያ ባይሆንም ግድ የለም፤ መዝገብ ቤት የምትሠራው እህታችን ብትሆንም ይበልጥ ጥሩ፣ ወረቀት አያያዝ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? አምስቱን አስረዷት። ልማሊሞን እያነሳችሁ አስረዷት፤ ይገባታል።

ወረቀቱን የጻፋችሁ ሰዎች ከሥር "ጽፌአለሁ" በሉኝ፣ ከየት እንደሆናችሁም አክሉበት። ያልገባው ካለም እዚሁ ይጠይቅ፤ እኔ ባልኖር ከመካከላችሁ የሚመልስ አይጠፋም።

ቸር ሰንብቱ።